የሚና ጨዋታን ሰሜን ሸዋ ውስጥ ለማጥናት፦ ከመጠይቁ ቃል እስከ ዕጣው ጣሳ

የሚና ጨዋታ የሚባለው አራት አምስት ሰው ጠረጴዛ ከቦ፣ እያንዳንዱ አንድ ገጸ ባሕርይ ይዞ፣ ጨዋታ መሪው በሚተርከው ታሪክ ውስጥ «እኔ እንዲህ አደርጋለሁ» እያለ የሚጫወተው ነው። እቃቃ የተጫወተ ሰው ግማሹን ያውቀዋል፤ የሚጨመርበት ሕግና ዕጣ ነው። ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው፣ ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ፣ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1974 ወጣ፤ ያዘጋጁት ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ናቸው። በ1979 አንድ የ16 ዓመት የሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሲሰወር «ጨዋታው ነው» ተብሎ በየጋዜጣው ተወራ። የልጁ ጭንቀት ከጨዋታው ጋር እንደማይገናኝ የታወቀው ወሬው አገር ካዳረሰ በኋላ ነው። በ1980ዎቹ ደግሞ ሰይጣን ማምለክ ነው፣ ራስን ወደ ማጥፋት ይመራል የሚል ዘመቻ ተነሣ።

ለአጥኚ የሚጠቅመው የዚያ ዘመቻ የቆጠራ ስሕተት ነው። ዘመቻው የሞቱ ተጫዋቾችን ሲቆጥር ስንት ሰው እንደሚጫወት አልቆጠረም። የጨዋታ አዘጋጁ ማይክል ስታክፖል በ1990 ያንኑ ዝርዝር ከተጫዋቹ ብዛት ጋር ቢያስተያየው፣ በዚያ ዕድሜ ካለ ወጣት ከሚጠበቀው በጣም ያነሰ ሆኖ አገኘው። የሥነ ልቦና አጥኚው አርማንዶ ሳይመንም በ1987፣ 68 ተጫዋቾችን በስብዕና መጠይቅ ለክቶ፣ ለረጅም ጊዜ በመጫወትና በስሜት አለመረጋጋት መካከል ዝምድና አላገኘም። የሁለቱም ድካም አንድ ነው፤ ተጫዋቹ ራሱ ፈልጎ የገባ ሰው ስለሆነ፣ ጨዋታው ያመጣውን ድሮም ከነበረው መለየት አይቻልም። ደብረ ብርሃን ላይ ጨዋታውን የሚያውቅ ሰው ጥቂት መሆኑ እዚህ ላይ ጥቅም ነው፦ ማን እንደሚጫወት በዕጣ መወሰን ይቻላል።

መጀመሪያ የሕዝቡ አመለካከት

ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ። ልጆቹ መጫወት ከጀመሩ በኋላ ወላጅን ብትጠይቁ የምትለኩት ስለ እናንተ የተወራውን ነው። ወይም ጨዋታውን ደብረ ብርሃን፣ መጠይቁን መሐል ሜዳ ወይም ደብረ ሲና አድርጉት።

ከሁሉ በላይ የሚያበላሸው የቃል ምርጫ ነው። «ድራጎን» የሚለውን «ዘንዶ» ብላችሁ ከመለሳችሁ፣ ራእይ ምዕራፍ 12ን ለሰማ ሁሉ መልሱን ራሳችሁ ሰጣችሁት፤ እዚያ ዘንዶው ሰይጣን ነውና። ዳይስ (በየገጹ ቁጥር ያለበት መወርወሪያ) የሚለው ቁማርን ይጠራል። «ጨዋታ» ብቻውን ከቆመ ደግሞ ወግም ጨዋታ ነው፤ «በሳምንት ስንት ሰዓት ትጫወታለህ?» የተባለ ሰው ከጎረቤት ጋር ቡና ላይ ያወራበትን ሰዓት ቢደምር ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

ይህን ችግር ወደ መሣሪያ መለወጥ ይቻላል። ስለ ጨዋታው አምስት ዓረፍተ ነገር ያለው አንድ አንቀጽ ጻፉ። በሦስት ቅጂ ሲባዛ አንዱ «የሚና ጨዋታ»፣ ሁለተኛው «የተረት ጨዋታ»፣ ሦስተኛው «የዘንዶ ጨዋታ» ይበል፤ ሌላው ቃል ሁሉ አንድ ይሁን። ቅጂዎቹን በዕጣ አደባልቃችሁ አድሉ። ከዚያ የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ «ልጅዎ ቅዳሜ ከሰዓት ይህን ቢጫወት ይፈቅዳሉ?» በቅጂዎቹ መካከል የሚታየው ልዩነት ስሙ ብቻውን ያመጣው ነው።

ለተጠያቂው ብዛት በየመመረቂያ ጽሑፉ የሚገለበጠው የናሙና ቁጥር 384 ከ10 በመቶ መጠባበቂያ ጋር 423 ይሆናል። ለሦስት ሲካፈል በቅጂ 141 ነው፤ ይህ በሁለት ቅጂ መካከል ወደ 17 በመቶ ነጥብ የሚጠጋ ልዩነት ካለ ያሳያል፣ ከዚያ ያነሰውን ግን ሊያመልጠው ይችላል። 384 የሚሠራው ሰው በዕጣ ሲመረጥ ነው። በገበያ ቀን መንገድ ዳር ቆሞ ያገኙትን መጠየቅ የገጠሩን ገበያተኛ ያበዛል፤ በሰንበቴና በማኅበር በኩል ብቻ መሄድ ደግሞ ሙስሊሙን ይተዋል፣ በተለይ ሸዋ ሮቢት አካባቢ። በቀበሌ የቤት ዝርዝር ላይ በየስንተኛው ቤት እንደምትገቡ ወስናችሁ፣ የመጀመሪያውን ቤት በዕጣ አውጡ።

ከዚያ ሌላ «እስማማለሁ፣ አልስማማም» የሚባልበት ዓረፍተ ነገር ብትጨምሩ አሉታዊ አድርጋችሁ አትጻፉት። «ጨዋታው ልጆችን አይጎዳም» ለሚለው «አልስማማም» ማለት ይጎዳል ማለት ነው፤ ሲነበብለት የሚመልስ ሰው እዚህ ላይ ይሰናከላል። የመስማማቱን የአምስት ደረጃ ሚዛን ለአረጋውያን አምስት የባቄላ ፍሬ ሰጥታችሁ «የተስማሙትን ያህል ወደዚህ ሳሕን ይጨምሩ» ብትሉ ይሻላል። ይሉኝታን ለመቀነስ መልሱ ለጠያቂው በማይታይ ወረቀት ላይ ተሞልቶ ወደ ፖስታ ይግባ። ጠያቂው የሠፈሩ መምህር ከሆነ ሁሉም «ጥሩ ነው» ይላል።

ቀጥሎ ጨዋታው ራሱ

ከ18 ዓመት በታች ላለ ተማሪ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ፣ ለትምህርት ቤቱ የድጋፍ ደብዳቤ፣ የወላጅ ፊርማና የልጁ የራሱ እሺታ ያስፈልጋል። 10ኛና 11ኛ ክፍልን ምረጡ፤ 12ኛ ክፍል የፈተናው ጭንቀት ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል። ስምንት ቅዳሜ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ተኩል፣ ከጥቅምት አጋማሽ ጀምሮ። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ስለሚገባ ለሁሉም የሚቀርበው ቆሎና ሻይ ይሁን።

ልጆቹን በዕጣ ለሁለት ቡድን ክፈሉ፤ አንዱ የሚና ጨዋታውን ይጫወታል፣ ሌላው አይጫወትም። በሁለቱ መካከል መካከለኛ የሚባለውን ልዩነት በ80 በመቶ ዕድል ለማግኘት በየቡድኑ 64 ልጅ ይፈለጋል፤ 26 ብቻ ካላችሁ የምታዩት ትልቅ ለውጥ ሲኖር ነው። እሱም ቢሆን አንድ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡ አምስት ልጆች እየተመሳሰሉ ስለሚሄዱ መጠኑ ከፍ ይላል። በመካከላቸው ያለው መመሳሰል (ከ0 እስከ 1 ሲለካ) 0.1 ቢሆን ቁጥሩ በ1.4 ይባዛል፤ 26ቱ 37 ይሆናል። ይህን የሚረሳ ብዙ ነው፤ ውጤቱም ከእውነቱ በላይ እርግጠኛ መስሎ ይታያል።

የማይጫወተውን ቡድን ባዶውን አታስቀምጡት። አለዚያ የምትለኩት የሻዩንና የጓደኝነቱን ውጤት ነው። በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ቆሎ፣ ዳማና ገበጣ ይጫወቱ፤ ጥናቱ ሲያልቅ የሚና ጨዋታው ለእነሱም ይደርሳቸዋል። ጨዋታ መሪዎች ቢያንስ ሦስት ሆነው በየጠረጴዛው ይዘዋወሩ፤ ያለዚያ ለውጡ የአንድ ጨዋታ አዋቂ ሰው አንደበት ሊሆን ይችላል።

ለታሪኩ ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ ገበያ የሚወርድ የሲራራ ነጋዴ ጉዞ ይበቃል፦ ነጋዴ፣ አህያ ነጂ፣ ኬላ ጠባቂ፣ አስተርጓሚ፣ ወጌሻ። ጠንቋይም መድኃኒት የሚደግም ደብተራም አታስገቡ፤ አንድ ልጅ ቤቱ ሄዶ ቢያወራው ሰኞ ዕለት ጥናታችሁ የለም። ጦርነትም አይሁን። በ2014 ዓ.ም. ውጊያው ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ደርሶ ነበር፣ ከተፈናቃይ ቤተሰብ የመጣ ልጅም ክፍሉ ውስጥ ሊኖር ይችላል።

በዳይስ ፈንታ ከ1 እስከ 6 የተጻፈባቸው ስድስት ወረቀቶች በጣሳ ውስጥ ይሁኑ፤ የዕቁብ ዕጣ ለለመደ ቤት ይህ እንግዳ አይደለም። ሁለት ጊዜ አውጥቶ መደመር ሲያስፈልግ የመጀመሪያው ወረቀት ይመለስ። ካልተመለሰ 2 እና 12 ከቶ አይወጡም፣ የ7 ዕድልም ከ36 ስድስት የነበረው ከ30 ስድስት ይሆናል።

ከጨዋታው በፊትና በኋላ የሚለካው ሁለት ነገር ይሁን። ለሰው ስሜት መረዳት ማርክ ዴቪስ የተባለ የሥነ ልቦና አጥኚ እ.ኤ.አ. በ1980 ያዘጋጀው ባለ 28 ጥያቄ መለኪያ አለ፤ አራት ክፍል አለው፣ ሰባት ሰባት ጥያቄ። በሌላው ቦታ ሆኖ ማየትንና ለሌላው ማዘንን የሚጠይቁትን ሁለት ክፍሎች ብቻ ውሰዱ። አንደኛው ክፍል ስለ ምናብ ስለሆነ ሚና ሲጫወት የከረመ ልጅ እሱ ላይ ቢጨምር ምንም አያስገርምም። አንድ ሰው ወደ አማርኛ ይመልሰው፣ ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰው፣ ሁለቱ የተለያዩበት ላይ ተነጋገሩ። ለድብርት ባለ ዘጠኝ ጥያቄው የፒኤችኪው መጠይቅ በአማርኛ አዲስ አበባ ውስጥ በሆስፒታል ታካሚ አዋቂዎች ላይ ተፈትሿል፤ ነጥቡ ከ0 እስከ 27 ነው፣ 10ና ከዚያ በላይ ትኩረት ይሻል። ዘጠነኛው ጥያቄ ስለ ሞት ሐሳብ ነው። በዚያው ቀን ልጁን የሚያይ ባለሙያ ካላዘጋጃችሁ ጥያቄውን አውጡትና በስምንቱ ሥሩ። «እንዴት ሰነበትክ» በሚመስል ቃል አትጀምሩ፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚለው መልስ ተከትሎ ሁሉም ዜሮ ይሞላል።

በየቅዳሜው መጨረሻ 15 ደቂቃ ከሚናው መውጫ ተዉ። ኬላ ጠባቂው ነጋዴውን ሲሰድበው ነጋዴው የሆነው ልጅ ከልቡ የሚከፋበት ጊዜ አለ። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባላል፣ ግን ገናም ላይ የሚቆጣ አይጠፋም። እያንዳንዱ በገዛ ስሙ ተጠርቶ ምን እንደተሰማው ይናገር፤ የቀረ ቅሬታ ካለ ቀኑና ጠረጴዛው ይመዝገብ፣ እሱም መረጃ ነው።

ሲተነተን የሁለቱ ቡድን የኋላ ነጥብ፣ የፊት ነጥባቸው ታስቦበት፣ እርስ በርስ ይነጻጸር። «የተጫወቱት ተሻሻሉ» ብሎ ያንን ቡድን ብቻ ከራሱ ጋር ማስተያየት አይበቃም፤ መጀመሪያ በጣም ዝቅ ያለ ነጥብ ያመጣ ልጅ ምንም ሳይደረግለትም በሁለተኛው ልኬት ወደ መካከለኛው ይጠጋል። ሦስት ቅዳሜ ቀርቶ ያቋረጠ ልጅም ይለካ፣ በዕጣ በገባበት ቡድን ውስጥም ይቆጠር፤ የከፋቸው ወጥተው የተደሰቱት ብቻ ከቀሩ ጨዋታው ሁልጊዜ ጥሩ ይመስላል።