ፖርት ከፍተው ከውጭ መግባት ካልቻሉ፦ ከራውተርዎ በፊት የኢንተርኔት አቅራቢዎን ይጠይቁ

ምልክት

የቤትዎን ካሜራ ወይም የፋይል ሰርቨር ከውጭ ሆነው ለማየት በራውተርዎ ላይ ፖርት (ከውጭ የሚመጣ ጥያቄ የሚገባበት፣ በቁጥር የሚለይ በር) ከፍተዋል። ቤት ውስጥ ይሠራል፤ ከውጭ ሲሞክሩት ግን መልስ የለም። የኢንተርኔት ጨዋታ ከሌሎች ተጫዋቾች ጋር ለመገናኘት ይቸገራል። አንዳንድ ድረ ገጾችም ያለ ጥፋትዎ ሮቦት አለመሆንዎን እንዲያረጋግጡ ደጋግመው ይጠይቁዎታል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ አዲስ ራውተር ይገዛል። አይግዙ፤ ምክንያቱ ሲጂናት፣ ማለትም አቅራቢዎ ብዙ ደንበኞችን አንድ የሕዝብ አይፒ አድራሻ የሚያስጋራበት ዘዴ፣ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ ይህን ይመርምሩ።

ምርመራ

ቪፒኤን (ግንኙነትዎን በሌላ ሰርቨር በኩል የሚያሳልፍ አገልግሎት) ካለዎት ያጥፉት። በራውተሩ ማስተካከያ ገጽ ላይ ከኢንተርኔት በኩል የተሰጠውን አይፒ አድራሻ (በኔትወርክ ላይ የሚለይበትን ቁጥር) ይመዝግቡና አድራሻን ከሚያሳዩ ድረ ገጾች በአንዱ ላይ ከሚያዩት ጋር ያነጻጽሩ። ሁለቱ አንድ ከሆኑ ችግሩ ብዙውን ጊዜ ቤትዎ ውስጥ ነው፤ ፋየርዎሉን (ያልተፈቀደ ግንኙነትን የሚያግደውን ጥበቃ) ወይም የካሜራውን የውስጥ አድራሻ ይፈትሹ።

ከተለያዩና የራውተሩ አድራሻ ከ100.64.0.0 እስከ 100.127.255.255 ባለው ክልል ውስጥ ከሆነ ጉዳዩ አለቀ፤ አቅራቢዎ ሲጂናት እየተጠቀመ ነው። ይህ ክልል በ2012 እ.ኤ.አ. ለዚሁ ሥራ ተለይቶ የተሰጠ ነው። አድራሻው በ10 ወይም በ192.168 የሚጀምር ከሆነ ግን አይቸኩሉ። አቅራቢው የሰጠዎት ሞደም ራሱ እንደ ራውተር እየሠራ ሊሆን ይችላል፤ ወደ ብሪጅ (ሞደሙ ግንኙነቱን ወደ ራውተርዎ ብቻ የሚያሳልፍበት ሁኔታ) ቀይረው አድራሻዎቹን እንደገና ያነጻጽሩ።

ምክንያት

አይፒቪ 4 (የቆየው የአይፒ አድራሻ ሥርዓት) ያሉት አድራሻዎች ወደ 4.3 ቢሊዮን ብቻ ናቸው። ለዓለም አቀፍ ክፍፍል የቀረው የመጨረሻው ክምችት በየካቲት 2011 እ.ኤ.አ. ተከፋፍሎ አልቋል። ስለዚህ አቅራቢው ብዙ ደንበኞችን ከአንድ አድራሻ ጀርባ ያሰልፋል። ይህን የሚሠራው የአቅራቢው መሣሪያ ከውስጥ የወጣውን ጥያቄ ሁሉ በሠንጠረዥ ይመዘግብና መልሱን ለላኪው ያደርሳል። ከውጭ የመጣ አዲስ ጥያቄ ግን በሠንጠረዡ ላይ ስለሌለ ይጣላል። እርስዎ የከፈቱት ፖርት የሚገኘው ከዚያ መሣሪያ ወዲህ ነው፤ ጥያቄው ራውተርዎ ድረስ አይደርስም። ዩፒኤንፒን (ዕቃዎች ራሳቸው በራውተሩ ላይ ፖርት እንዲያስከፍቱ የሚያስችለውን) ማብራት ወይም ዳይናሚክ ዲኤንኤስ (ለሚለዋወጥ አድራሻ ቋሚ ስም የሚሰጥ አገልግሎት) መመዝገብም የማይረዳው ለዚህ ነው።

አድራሻ መጋራት ጥፋትንም ያጋራል። የአንዱ ደንበኛ ኮምፒውተር በቫይረስ ተይዞ አይፈለጌ መልእክት ቢልክ፣ የሚታገደው የሁሉም አድራሻ ነው። ፖርቱና ትክክለኛው ሰዓት ካልተመዘገበ ወንጀል ሠሪውን ከንጹሑ መለየትም አይቻልም።

ታዲያ አቅራቢዎች ሊጠቀሙበት ይገባል? አድራሻ ላጣ አዲስ አቅራቢ ሌላ መንገድ ጠባብ ነው፤ ይህን እቀበላለሁ። የማልቀበለው ለደንበኛው ሳይነግሩ ማድረጉን ነው። ከውል በፊት ሊነገረው፣ አይፒቪ 6 (እጅግ ብዙ አድራሻ ያለው አዲሱ ሥርዓት) አብሮ ሊሰጠው፣ የራሱን አድራሻ ለጠየቀም በር ሊከፈትለት ይገባል። «ለደኅንነትዎ ነው» የሚለው ምላሽ ትክክል አይደለም፤ ደኅንነት የሚጠብቀው ፋየርዎል ነው፣ እሱም ያለ አድራሻ ልወጣ (አንዱን አድራሻ በሌላ መተካት) ይሠራል።

መፍትሄ

ከሁሉ ቀላሉ ለአቅራቢው ደውሎ «ከሲጂናት አውጡኝ፣ የሕዝብ አይፒ አድራሻ ስጡኝ» ማለት ነው። ቋሚ አድራሻ ካስወደዱብዎት ተለዋዋጩም ይበቃል፤ ያን ጊዜ ዳይናሚክ ዲኤንኤስ ሥራውን ይሠራል።

አቅራቢው አይፒቪ 6 ካለው ያብሩት። ለእያንዳንዱ ዕቃ የራሱ አድራሻ ስለሚደርሰው ልወጣ አያስፈልግም። በራውተሩ ፋየርዎል ላይ ግን ለዚያ ዕቃ ፈቃድ መስጠት አለብዎት፤ የሚገቡበት ስልክም አይፒቪ 6 ሊኖረው ይገባል።

ሁለቱም ካልተገኙ የሕዝብ አድራሻ ያለው ትንሽ ሰርቨር ተከራይተው ከቤትዎ ወደ እሱ በዋየርጋርድ (የቪፒኤን ፕሮግራም ነው) ዋሻ፣ ማለትም የተመሰጠረ የግል መስመር፣ ይዘርጉ። ግንኙነቱ የሚጀመረው ከውስጥ ስለሆነ ሲጂናት አያግደውም። ካሜራውን ሲፈልጉ በሰርቨሩ በኩል ይገባሉ።

ዋሻው ጸጥ ባለ ጊዜ የሚቋረጥ ከሆነ፣ የአቅራቢው መሣሪያ ያልተንቀሳቀሰውን መዝገብ ከሠንጠረዡ እየሰረዘው ነው። በቤትዎ በኩል ባለው የዋየርጋርድ ማስተካከያ ላይ በየ25 ሰከንዱ ባዶ ምልክት እንዲላክ ያዝዙ፤ መዝገቡ ሳይሰረዝ ይቆያል።