ከዲቲ ወደ ኤክስኤል ስትዞሩ

ያማሃ ዲቲ ሞተር ሳይክል 9 ዓመት ነዳሁ። ዘንድሮ ያገለገለች ሆንዳ ኤክስኤል 125 ገዛሁ። የመጀመሪያውን ሳምንት ከደብረ ማርቆስ አልራቅኩም። እናንተም እንዲሁ አድርጉ።

መጀመሪያ የዘይቱን ነገር ልመዱ። ዲቲ ባለ ሁለት ምት ናት፤ ዘይቷን ከቤንዚኑ ጋር ታቃጥላለች። ኤክስኤል ባለ አራት ምት ናት። ዘይቷ ሞተሩ ውስጥ ይዞራል፣ ጊዜው ሲደርስ ሙሉ በሙሉ ይቀየራል። ዘይቷን ለመለካት ትንሽ አስነሷትና አጥፏት፤ ሁለት ሦስት ደቂቃ ጠብቁ። ቀጥ አድርጋችሁ አቁሟት። የዘይት መለኪያ ዘንጉን ፈትታችሁ ጥረጉ፣ ሳታጠብቁት ክተቱና አውጡ። ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ይሁን።

ከዚያ ቁልቁለት። ኤክስኤል ልቤ ውስጥ የገባችው ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ ስንወርድ ነው። ዲቲ ነዳጅ መስጠት ሳቆም ዝም ብላ ትንደረደር ነበር፤ እግሬ ከፍሬን አይነሳም። ይቺ በሁለተኛ ማርሽ በሞተሯ ኃይል ራሷ ያዝ ታደርገኛለች። ደስ ሲል! ፍሪሲዮን (ሞተሩን ከጎማው የሚያላቅቀውን የግራ እጅ እጀታ) ጨብጣችሁ ግን አትውረዱ፤ ይሄ ጥቅሟ ይቀርባችኋል። ፍሬኑንም እንዳይግል ነካ ለቀቅ አድርጉት።

እጀታዎቹንም ለእጃችሁ አስተካክሉ። እኔ ቡሬ ስደርስ ግራ እጄ ደንዝዞ ነበር። የፍሪሲዮኑን እጀታ ትንሽ ወደ ታች አዘነበልኩት፤ አንጓዬ ቀና አለ። እስከ ባሕር ዳር አላመመኝም።