ከደሴ ኮምቦልቻ በኤሌክትሪክ ብስክሌት ለምትመላለሱ

ጠዋት ኮምቦልቻ ስትደርሱ የባትሪው መለኪያ እምብዛም አለመጉደሉ እንዳያዘናጋችሁ፤ ያደረሳችሁ ቁልቁለቱ ነው። ማታ በሐረጎ ዳገት ስትመለሱ 600 ሜትር ገደማ ሽቅብ ስለምትወጡ፣ እናንተና ብስክሌቱ አንድ ላይ 100 ኪሎ ብትመዝኑ፣ በሞተሩ የሚባክነው ተጨምሮ ለከፍታው ብቻ 200 ዋት-ሰዓት (ባትሪ የሚይዘው ጉልበት መለኪያ) ያህል ያስፈልጋል። የባትሪያችሁን አቅም ለማወቅ በላዩ የተጻፈውን ቮልት በአምፔር-ሰዓቱ አባዙት፤ ለምሳሌ 36 ቮልትና 10 አምፔር-ሰዓት የሆነው 360 ዋት-ሰዓት ይይዛል። ሻጭ የሚጠራው ኪሎ ሜትር አብዛኛውን ጊዜ ለሜዳ መንገድ የሚሠራ ነው። ስለዚህ ቻርጀሩን ይዛችሁ ውረዱና በሥራ ቦታችሁ አስፈቅዳችሁ ቀን ላይ ሙሉት፤ ዳገቱንም የሞተሩን እርዳታ ዝቅ አድርጋችሁ፣ ፔዳሉን ሳታቋርጡ እየመታችሁ ውጡት። መሃል ላይ መለኪያው ድንገት ቢወርድ አትደንግጡ፤ ሞተሩ ብዙ ኃይል ሲስብ ቮልቴጁ ስለሚቀንስ ነው፣ ቆም ስትሉ ከፊሉ ይመለሳል።