የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ምስል ሲበላሽ፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው

በትራንስሚሽን ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ፣ በአጭሩ ቲኢኤም፣ ምስል አልሆን ሲል ብዙ ሰው መጀመሪያ እጁን የሚሰደው ወደ ማሽኑ ቁልፎች ነው። ከችግሮቹ የሚበዙት ግን ናሙናው ማሽን ውስጥ ሳይገባ፣ ገና ጠረጴዛ ላይ ሳለ የተፈጠሩ ናቸው። ስለዚህ ቁልፍ ከመንካታችሁ በፊት ናሙናውን ትንሽ አንቀሳቅሱት። ነቁጡ ወይም ጥላው ከናሙናው ጋር አብሮ ከሄደ ችግሩ ግሪዱ (ናሙናው የሚያርፍበት ትንሽ የብረታ ብረት ወንፊት) ላይ ነው፤ ባለበት ከቀረ የካሜራው ወይም የማሽኑ ነው። በዚያው ቀን፣ በዚያው ማቅለሚያ የተዘጋጀ ነገር ግን ናሙና ያልነካው ግሪድም አብራችሁ ያዙ። ጥርጣሬን ከዚህ በላይ በፍጥነት የሚቆርጥ ነገር አላውቅም።

በየቦታው ጥቁር ነቁጥ

በብዛት የሚያስቸግረው ይህ ነው። መንስኤው አንድ ባይሆንም ነቁጡ ያለበትን ቦታ አይቶ መለየት ይቻላል። ቀጭን የቲሹ ቁራጭ እያያችሁ ከሆነ ሴል የሌለበትን ባዶ ሬዚን (ቲሹው የተቀበረበትን ጠንካራ ፕላስቲክ) ፈልጉ። ነቁጡ እዚያም ካለ የመጣው ከቆረጣ በኋላ፣ በማቅለም ጊዜ ነው። ባዶው ሬዚን ንጹህ ሆኖ ሴሉ ውስጥ ብቻ ደቃቅ ነቁጥ ከተረጨ ግን ጥፋቱ ቀደም ያለ ነው፤ ብዙ ጊዜ ቲሹው ከግሉታራልዴሃይድ በኋላ በደንብ ሳይታጠብ ኦስሚየም ቴትሮክሳይድ ውስጥ ገብቶ ነው (ሁለቱም ቲሹው ቅርጹን እንዲጠብቅ የሚያደርጉ ኬሚካሎች ናቸው)። ሳይቀለም የቀረ ቁራጭ እዩ፤ ነቁጡ እዚያም ካለ ይረጋገጥላችኋል። የመጀመሪያው ቀላል ነው፤ ከዚያው ብሎክ ሌላ ቁራጭ ወስዶ በንጹህ ማቅለሚያ ማቅለም ነው። ሁለተኛው ለወደፊቱ ብቻ ይታረማል፤ በሁለቱ ኬሚካሎች መካከል ባፈሩን (አሲድነቱ የማይለዋወጠውን ማጠቢያ ፈሳሽ) እየቀያየራችሁ ደጋግማችሁ እጠቡ።

ሌድ ሲትሬት የተባለው ማቅለሚያ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ሲገናኝ ሌድ ካርቦኔት ይሆናል። ይህ ውሃ ውስጥ አይሟሟም፤ በኤሌክትሮን ጨረሩ ሥር ጥቁር ሆኖ ይታያል። የሰው ትንፋሽ እንኳ ይበቃዋል። ክዳን ባለው ፔትሪ ሳህን ውስጥ፣ ከጠብታዎቹ አጠገብ፣ የሶዲየም ሃይድሮክሳይድ እንክብሎች አስቀምጡ፤ ጋዙን እነሱ ይመጥጡታል። የምትጠቀሙበትን ውሃ አፍልታችሁ፣ ከድናችሁ አቀዝቅዙት። ጠብታው ላይ ነጭ ስስ ሽፋን ካያችሁ ግሪዱን አታስነኩት።

የሌላው ማቅለሚያ፣ የዩራኒል አሲቴት፣ ጠላቶች ደግሞ ፎስፌትና ብርሃን ናቸው። ናሙናችሁ ፒቢኤስ (ፎስፌት ያለበት ባፈር) ውስጥ ከሆነና ማቅለሚያው በቀጥታ ከተጨመረበት የዩራኒል ፎስፌት ዝቃጭ ይፈጠራል። ናሙናውን ካስቀመጣችሁ በኋላ ግሪዱን በሁለት ወይም በሦስት የንጹህ ውሃ ጠብታ ላይ አሳልፉት፤ ወይም ከመጀመሪያው ባፈሩን ፎስፌት ወደሌለው ሄፔስ ለውጡ። ማቅለሚያውን በፎይል ጠቅልላችሁ አስቀምጡ፣ ከመጠቀማችሁ በፊትም በ0.22 ማይክሮሜትር ማጣሪያ አሳልፉት። መርዛማና በመጠኑ ሬድዮአክቲቭ ስለሆነ ጓንት አይለያችሁ፤ ትርፉንም ሲንክ ውስጥ አትድፉ።

ማቅለሚያው አንድ ጥግ ተከማችቶ ሌላው ባዶ ሲሆን

ግሪዱን የሚሸፍነው ስስ የካርቦን ፊልም ሲቆይ ውሃ ይገፋል፤ ጠብታው በጎመን ቅጠል ላይ እንዳለ ውሃ ይንከባለላል። መፍትሄው ግሎው ዲስቻርጅ፣ ማለትም ፊልሙ ውሃ እንዲቀበል በኤሌክትሪክ በተሞላ ጋዝ ማከም ነው። ውጤቱ ግን ቶሎ ስለሚጠፋ ግሪዱን በዚያው ሰዓት ተጠቀሙበት፤ ለነገ አያድርም። የግሎው ዲስቻርጅ ማሽን ከሌላችሁ ግሪዱን 1 በመቶ አልሲያን ብሉ ጠብታ ላይ ለ5 ደቂቃ አስቀምጣችሁ በውሃ ማጠብ ይሠራል። ጠብታው ወደ ወረንጦው ጫፎች መካከል እየተሳበ ካስቸገራችሁ፣ ግሪዱን ከመልቀቃችሁ በፊት ማጣሪያ ወረቀት በጫፎቹ መካከል አስገብታችሁ አድርቁት።

ናኖፓርቲክሎቹ ተጨማምቀው ሲታዩ

በተክል ጭማቂ ናኖፓርቲክል የሚሠሩ የአገራችን ተማሪዎች ይህን ደጋግመው ያዩታል። ጠብታው ግሪዱ ላይ ቀስ ብሎ ሲደርቅ ቅንጣቶቹን እየሰበሰበ ስለሚሄድ፣ ፈሳሹ ውስጥ ተለያይተው የነበሩት ሲደርቁ የተጣበቁ ይመስላሉ። ፈሳሹ ቀለሙ እምብዛም እስከማይታይ አቅጥኑት፣ ለጥቂት ደቂቃ ሶኒኬት አድርጉት (በድምፅ ሞገድ አናውጡት)፣ ጠብታውን ግሪዱ ላይ ከማድረቅ ይልቅ ከአንድ ደቂቃ በኋላ በማጣሪያ ወረቀት ጠርዙን ነክታችሁ ምጠጡት። ያም ሆኖ ካልተለያዩ በዲኤልኤስ (በብርሃን ብተና ፈሳሽ ውስጥ ያለ ቅንጣትን መጠን በሚለካ ዘዴ) ለኩ፤ እዚያም ትልቅ መጠን ከወጣ ጥርጣሬው ከግሪዱ ወደ ፈሳሹ ይዞራል።

ከጭማቂው የተረፈ ኦርጋኒክ ነገር ሌላ ጣጣ አለው። ጨረሩ ያረፈበት ቦታ እያያችሁት ይጠቁራል፣ ማጉላቱን ስታሳንሱ ጥቁር ክብ ይቀራል። ይህ በጨረሩ የተጋገረ ሃይድሮካርቦን ነው። ቅንጣቶቹን በሴንትሪፊዩጅ ደጋግማችሁ እጠቡ፤ ማሽኑ ላይም ፈሳሽ ናይትሮጅን ያለው ቀዝቃዛ ወጥመድ መሞላቱን አረጋግጡ። ናሙናችሁን ውጭ አገር የምትልኩ ከሆነ ይህ እጥበት እናንተ ጋ መጠናቀቅ አለበት፤ ብዙ ላብራቶሪ ማሽኑን የሚያቆሽሽ ናሙና አይቀበልም። ማግኔታይት ከሆነም ቀድማችሁ ተናገሩ፤ በደንብ ያልተጣበቀ ማግኔታዊ ዱቄት ተስቦ ሌንሱ ላይ ሊለጠፍ ይችላል።

ቁራጩ ላይ መስመርና ቀዳዳ

ከቢላው ስለት ጋር ጎን ለጎን የሚሄድ ተደጋጋሚ መስመር የንዝረት ነው፤ ብሎኩንና ቢላውን አጥብቁ፣ ፍጥነቱን ወደ 1 ሚሊሜትር በሰከንድ አውርዱ። ስለቱን የሚያቋርጥ ቀጥ ያለ ጭረት ከሆነ ቢላው ተሸርፏል ወይም ቆሽሿል፤ ወደ ሌላው የስለቱ ክፍል ተሻገሩ። ቀዳዳ ከበዛ ሬዚኑ ቲሹውን ጠልቆ አልገባም፣ ብዙ ጊዜም ኤታኖሉ ውስጥ ውሃ ስለቀረ ነው። ለመጨረሻው እጥበት አዲስ የተከፈተ ኤታኖል ተጠቀሙ። ውሃው ላይ የሚንሳፈፈው ቁራጭ ብርማ ቀለም ካሳየ ውፍረቱ ከ60 እስከ 90 ናኖሜትር ስለሆነ ተገቢ ነው፤ ሐምራዊው ወፍራም ስለሆነ አይሆንም።

አሁን ወደ ማሽኑ

ምስሉ ከፎከስ በላይ ሲሆን ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ከፎከስ በታች ሲሆን ደግሞ ያንን በ90 ዲግሪ ወደሚያቋርጥ አቅጣጫ ከተለጠጠ አስቲግማቲዝም ነው። ባዶ ካርቦን ላይ ኤፍኤፍቲ (ኮምፒውተሩ ከምስሉ አስልቶ በቀለበት መልክ የሚያሳየውን) ከፍታችሁ ሞላላዎቹ ቀለበቶች ክብ እስኪሆኑ ስቲግማተሩን (ይህን መዛባት የሚያርመውን መቆጣጠሪያ) አስተካክሉ። ምስሉ የሚንሸራተት ከሆነ ሆልደሩ (ግሪዱን የሚይዘው ዘንግ) ገና ስለገባ ሊሆን ይችላል፤ ጥቂት ጠብቁ። ካልቆመ ፊልሙ ተቀዶ ሊሆን ይችላል፣ ወደ ሌላ የግሪዱ ካሬ ሂዱ። ኮንትራስት ካነሰ ትንሹን የኦብጀክቲቭ አፐርቸር (የተበተኑ ኤሌክትሮኖችን የሚያግድ ቀዳዳ) አስገቡ፤ ለቲሹ ከ200 ይልቅ 80 ኪሎቮልት ይሻላል።

ኢዲኤክስ (ናሙናው ውስጥ ያሉ ንጥረ ነገሮችን በኤክስሬይ የሚለይ ዘዴ) ላይ ያልጠበቃችሁት መዳብ ከወጣ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከመዳብ ከተሠራው ግሪድ ነው። የምትፈልጉት ራሱ መዳብ ከሆነ ከመጀመሪያው የኒኬል ወይም የወርቅ ግሪድ እዘዙ።