በሚኒሶታ አዲስ የግቢ ሣር ሲያለሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ዙሪያ ቤት የገዙ ወገኖቻችን ቁጥር ቀላል አይደለም፤ ከቤቱም ጋር ብዙውን ጊዜ ገላጣ ወይም አረም የወረረው ግቢ አብሮ ይመጣል። ሣር ዘርተው ያልያዘላቸው ሰዎች በዘሩ ወይም በውኃው ያሳብባሉ፤ በእኔ ግምት ግን አብዛኛው ጥፋት የሚፈጸመው ዘሩ መሬት ከመንካቱ በፊት ነው።

ትልቁ ስህተት በጸደይ መዝራት ነው። በኤፕሪልና በሜይ በረዶው ቀልጦ ምድሩ ሲለሰልስ የዘር ወቅት የደረሰ ይመስላል፤ ዝናብ ሲጥል መሬት ሲታረስ እያየ ላደገ ሰውማ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። ይሁንና ለቀዝቃዛ አገር የሚስማሙት የሣር ዓይነቶች፣ እነ ኬንታኪ ብሉግራስ፣ ፌስኪውና ራይግራስ፣ በጸደይ ሲዘሩ ሥራቸው ሳይጠልቅ የጁላይ ሙቀት ይደርስባቸዋል፤ ክራብግራስ የተባለው አረምም በዚያው ሰሞን በቅሎ ውኃውንና ብርሃኑን ይሻማቸዋል። አረሙ እንዳይበቅል አስቀድሞ የሚደረገው መድኃኒት ደግሞ አብዛኛው ዓይነት የሣሩንም ዘር ስለሚያግድ ሁለቱን አንድ ላይ ማድረግ አይቻልም። ተመራጩ ጊዜ ከኦገስት አጋማሽ እስከ ሴፕቴምበር አጋማሽ፣ ማለትም ከፍልሰታ ጾም አጋማሽ እስከ ዕንቁጣጣሽ ሰሞን ያለው ነው፤ በዚያን ጊዜ አፈሩ ገና ሙቀቱን እንደያዘ አየሩ ይቀዘቅዛል፣ የአረሙም ጉልበት ይደክማል። ይህ ካለፈ በኦክቶበር ከመዝራት እስከ ኖቬምበር መቆየት ይሻላል፤ በኦክቶበር የበቀለ ቡቃያ ሳይጠነክር ብርዱ ሊቀጥፈው ይችላል፣ አፈሩ በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ የተዘራው ግን ሳይበቅል ከርሞ በጸደይ ይነሳል።

ሁለተኛው ስህተት አፈሩን ሳይመረምሩ መዝራት ነው። አዲስ በተሠሩ ሰፈሮች ለሙ የላይኛው አፈር በግንባታው ወቅት ተጠርጎ፣ የቀረው ሸክላማ አፈር በከባድ ማሽኖች ጎማ ተጠቅጥቆ መገኘቱ የተለመደ ነው። ለማረጋገጥ ካቻቢቴ ይዞ ርጥበት ባለው መሬት ላይ በእጅ ገፋ ማድረግ ይበቃል፤ ጥቂት ሴንቲሜትር ገብቶ አልገባ ካለ የሣሩም ሥር እዚያው ይቆማል። እንዲህ ባለው መሬት ላይ ጥሩ አፈር በስሱ አልብሶ መዝራት ገንዘብ ማባከን ነው፤ ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር ድረስ ቆፍሮ ከኮምፖስት (ከብስባሽ ማዳበሪያ) ጋር ማዋሃድ ያስፈልጋል። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የአፈር ምርመራ ላቦራቶሪ ከነዋሪዎች ናሙና ተቀብሎ በክፍያ ይመረምራል። ውጤቱ የሚጠቅመው ለማዳበሪያ ምርጫም ጭምር ነው፤ በሚኒሶታ ሕግ ፎስፈረስ ያለው ማዳበሪያ ለቆየ ሣር በዘፈቀደ አይደረግም፣ ከረጢቱ ላይ ከተጻፉት ሦስት ቁጥሮች የፎስፈረሱን መጠን የሚያሳየው መካከለኛው ዜሮ የሚሆነውም ለዚህ ነው። አዲስ የሚዘራ ሣር ግን ከክልከላው ነፃ ስለሆነና ፎስፈረስ ለሥር ዕድገት ስለሚያስፈልግ፣ ዜሮውን እንደ ግዴታ ቆጥሮ መግዛት አይገባም።

የዘሩን ከረጢት በፊት ለፊቱ ሥዕል መምረጥም ያስከፍላል። ከኋላ በደቃቅ ፊደል የተጻፈው የዘሩን ዓይነቶች በመቶኛ፣ የመብቀል አቅሙን፣ በውስጡ ያለውን የአረም ዘርና የተፈተሸበትን ጊዜ ይነግራል። ርካሽ ድብልቆች ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ዓመታዊ ራይግራስ ፈጥኖ አረንጓዴ ይሆንና የሚኒሶታን ብርድ ሳይሻገር ይቀራል። ጥላ ለበዛበት ግቢ ቀጭን ቅጠል ያላቸው ፌስኪውዎች፣ ፀሐይ ለሚመታው ኬንታኪ ብሉግራስ የበዛበት ድብልቅ ይሻላል።

ዘር አብዝቶ መበተንም ሣሩን አያፋፋውም፤ ቡቃያዎቹ ተፋፍገው ይቀጭጫሉ፣ ለበሽታም ይጋለጣሉ። ለኬንታኪ ብሉግራስ በ1000 ስኩዌር ፊት ከ2 እስከ 3 ፓውንድ በቂ ነው፤ ግማሹን በቁመት፣ ግማሹን በአግድም መዝራት ስርጭቱን ያስተካክለዋል። ከዚያ በሬክ (ባለ ጥርስ የአትክልት መሣሪያ) ቀለል አድርጎ ከግማሽ ሴንቲሜትር እምብዛም በማይበልጥ አፈር መሸፈን ነው። ላዩን ማልበስ ካስፈለገ ንጹሕ የስንዴ ወይም የአጃ ገለባ እንጂ ድርቆሽ አይሁን፤ ድርቆሽ የአረም ዘር ይዞ ይመጣል።

ውኃ ላይ ሰው የሚሳሳተው በልክ ሳይሆን በአሰጣጥ ነው። ዘሩ እስኪበቅል ድረስ የላይኛው አፈር መድረቅ የለበትም፤ ስለዚህ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ በስሱ ማጠጣት ይሻላል፤ አንድ ጊዜ አጥለቅልቆ መተው ግን ዘሩን ጠርጎ ወደ አንድ ጥግ ይከምረዋል። ራይግራስ በሳምንት ገደማ ብቅ ሲል ብሉግራስ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ስለሚፈጅ፣ የመጀመሪያውን አረንጓዴ አይቶ ውኃውን የሚያቆም ሰው ዋናውን ሣር ያጣል። ሁሉም ከበቀለ በኋላ ግን ሥሩ ወደ ታች እንዲወርድ ቀናቱን እያራራቁ መጠኑን መጨመር ይገባል።

የመጀመሪያው አጨዳ ሣሩ ከ8 ሴንቲሜትር በላይ ሲደርስ፣ በተሳለ ምላጭ፣ ከቁመቱ ከሲሶ ያልበለጠውን በመቁረጥ ይከናወን። የሜፕል ቅጠል ሲረግፍ ደግሞ ቡቃያውን ሳያፍነው በቶሎ በስሱ መጥረግ ያስፈልጋል። በአረም ማጥፊያ በኩል፣ ሣሩ ቢያንስ ሦስት አራት ጊዜ ሳይታጨድ መርጨት ቡቃያውንም ስለሚጎዳ አይመከርም፤ በዚያ መኸር ከሣሩ ጋር የበቀሉ ዓመታዊ አረሞች ብዙዎቹ በውርጭ ስለሚሞቱ ያለ መድኃኒት ሊተዉ ይችላሉ።