ስናፕድራገን ለጥምቀት እንዲያብብላችሁ ነሐሴ ላይ ዝሩት

ስናፕድራገን፣ ያ ልጆች ጎንና ጎኑን ጫን እያደረጉ አፉን የሚያስከፍቱት አበባ፣ ብርድ ወዳድ ነው፣ ጎንደር ላይ የሚያምርበትም ለዛ ነው። ግን ዝናብ ገባ ብላችሁ ሰኔ ላይ እንዳትዘሩት፣ የሐምሌ ዶፍ ችግኙን ያበሰብሰዋል። መጋቢትና ሚያዝያም ፀሀዩ ሲከር አበባው ይቀንሳል። እኔ የምለው ነሐሴ መጨረሻ ላይ በረንዳ ላይ ዝሩት፣ መስቀል ካለፈ ወዲያ ጠንከር ሲል ደጅ አውጡት፣ ከዘር እስከ አበባ 3 ወይ 4 ወር ስለሚፈጅ ለጥምቀት ይደርሳል፣ እንግዳው ከባህረ ጥምቀቱ ሲመለስ ግቢው ደምቆ ይቀበለዋል።

ዘሩ ከጤፍም ይደቃል። በእጅ ስትበትኑት አንድ ቦታ ላይ ይከመራል፣ ስለዚህ ከደረቅ ደቃቅ አሸዋ ጋር ቀላቅላችሁ በትኑት። ዋናው ነገር አፈር እንዳታለብሱት! ለመብቀል ብርሃን ይፈልጋል፣ በጣት ጫን ጫን ማድረግ በቂ ነው። ከላይ ውሃ ካፈሰሳችሁበትም ዘሩ ተጠራርጎ ጥግ ይይዛል፣ ስለዚህ ጀሪካን ቆርጣችሁ ቂጡን ብሱት፣ እሱ ላይ ዝሩና ትንሽ ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ አስቀምጡት፣ አፈሩ ውሃውን ከስር ይመጠዋል። ከ1 እስከ 2 ሳምንት ውስጥ ብቅ ይላል።

ቅጠሉ 4 ጥንድ ሲሞላ ጫፉን በጥፍር ቁረጡት። አዎ ያሳሳል፣ ግን ካልተቆረጠ አንድ ዘንግ ብቻ ሆኖ ይቀራል፣ ከተቆረጠ ከጎን ብዙ ያወጣል።

ግቢያችሁ ዋልካ ከሆነ አሸዋና የበሰበሰ ፍግ ቀላቅሉበት፣ መደቡንም ከፍ አድርጉት፣ እግሩ ስር ውሃ ከተኛ አለቀለት። በችግኝና ችግኝ መሀል ከ20 እስከ 25 ሳንቲሜትር ተዉ፣ ፀሀይ የሚያገኝ ቦታ ይሁን። ውሃ ጠዋት ጠዋት ከስሩ፣ ቅጠሉን ሳትነኩ። ውሃ በተራ ለሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ጎመን የታጠበበትም ይሆናል።

በሽታው ዋግ ነው። ቅጠሉን ገልበጥ አድርጋችሁ እዩት፣ ከጀርባው ቡናማ ዱቄት የመሰለ ነጠብጣብ ካለ እሱ ነው። የተያዘውን ቅጠል ቀንጥሳችሁ ከግቢ አርቁት፣ ኮምፖስት ውስጥ እንዳትጨምሩት፣ በሚቀጥለው ዓመትም እዛው መደብ ላይ አትትከሉ። ክሽክሽ (ቅጠሉን የሚመጡት ትናንሽ ነፍሳት) ከሆነ ግን ቀላል ነው፣ ትንሽ ሳሙና ያለበት ውሃ ርጩት።

የደረቀውን አበባ ቶሎ ቶሎ ቁረጡ፣ ያኔ አዲስ ያወጣል። ለዘር 1 ወይ 2 ዘንግ ተዉለት፣ ፍሬው ሲደርቅ አናቱ ላይ ቀዳዳ ይከፍትና የራስ ቅል ይመስላል (ልጆች ይወዱታል፣ አያቶች ብዙም)። አራግፋችሁ በወረቀት ጠቅልሉት፣ ፌስታል ያሻግተዋል። ዲቃላ ዘር ከሆነ ግን ቀለሙ እንደ እናቱ ላይወጣ ይችላል።