ትንሿ ሲንክሮትሮን ለናንተ ጥናት ትሆናለች ወይ? እንዴት ታውቃላችሁ

ሲንክሮትሮን (ኤሌክትሮኖችን በቀለበት እያሽከረከረ ኃይለኛ ኤክስሬይ የሚያወጣ ማሽን) ሲባል ብዙዎቻችን አይን ላይ የሚመጣው ፈረንሳይ ግሬኖብል ያለው ግዙፍ ቀለበት ነው፣ ዙሪያው 844 ሜትር፣ ኤሌክትሮኖቹ 6 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት። እዛ ቢም ታይም (በጨረሩ የምትሰሩበት ሰዓት) ለማግኘት ፕሮፖዛል ጽፎ ወራት መጠበቅ አለ፣ ሲገኝም ለጥቂት ቀን ነው። ግን ሁሉም ጥናት ያን ያህል ጉልበት አይፈልግም እኮ፣ ሙኒክ አጠገብ ጋርሺንግ ከፈረንጆቹ 2015 ጀምሮ ያለችው ትንሿ ማሽን ቀለበቷ አንድ ክፍል ውስጥ ይገባል።

እንዴት አነሰች ካላችሁ፣ በትልቁ ማሽን ኤክስሬይ እንዲያወጣ ኤሌክትሮኑን ወዲያ ወዲህ የሚያወዛውዙት በሴንቲሜትር ልዩነት የተደረደሩ ማግኔቶች ናቸው፣ በትንሿ ግን ይሄን የሚሰራው ከፊት ለፊት የሚመጣ ሌዘር ነው፣ የሱ ሞገድ 1 ማይክሮሜትር አካባቢ፣ ማለትም ከማግኔቶቹ ልዩነት በጣም ያነሰ ስለሆነ ኤሌክትሮኑ ከ25 እስከ 45 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ካለው በቂ ነው።

መጀመሪያ የሚወጣውን ኤክስሬይ ኢነርጂ ራሳችሁ አስሉት። የኤሌክትሮኑን ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ለ0.511 አካፍሉ፣ የመጣውን በራሱ አባዙ፣ ከዛ በ4፣ ከዛ በሌዘሩ ፎቶን ኢነርጂ (1.17 ኤሌክትሮን ቮልት)። 35 ብትሉ ወደ 22 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ይመጣላችኋል። አዮዲን የተወጋ የደም ስር ማየት ከፈለጋችሁ አዮዲን ኤክስሬይን በደንብ መምጠጥ የሚጀምርበትን 33.2 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ማለፍ አለባችሁ፣ ስለዚ ኤሌክትሮኑን ወደ 43 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልትና ከዛ በላይ ማስጠጋት ነው።

ቀጥሎ ጥያቄያችሁን እዩ። ለስላሳ ቲሹ፣ ሳንባ፣ ጡት፣ ፌዝ ኮንትራስት (ጨረሩ በቲሹ ሲያልፍ ሞገዱ እንዴት እንደተቀየረ የሚያሳይ ምስል)፣ ቶሞግራፊ (ከብዙ አቅጣጫ ተነስቶ 3ዲ የሚሆን ምስል) ከሆነ በጣም ትመቻለች፣ ጨረሩ 16 ሜትር ርቆ ሲደርስ 6 ሴንቲሜትር ገደማ ስለሚሰፋ ሳምፕሉ ሳይቆራረጥ ሙሉውን ታዩታላችሁ። ኢነርጂውን በጣም አጥብቦ መለየት የሚፈልግ ስፔክትሮስኮፒ ከሆነ ግን ባንድዊድዟ (የጨረሩ ኢነርጂ የሚሰራጭበት ስፋት) ጥቂት ፐርሰንት ነው፣ ሲሊከን ክሪስታል አስገብታችሁ ካጠበባችሁት ደግሞ አብዛኛውን ፎቶን ታጣላችሁ፣ በሰከንድ የምትሰጠው 10 ቢሊዮን ፎቶን አካባቢ ስለሆነ ያ ያማል። እዚህ ላይ በኔ እምነት ትልቁን መጠበቅ ይሻላል።

ፎቶን ትንሽ ነው ማለት ስካኑ ይረዝማል ማለት ነው፣ ስካን ሲረዝም ደግሞ ሳምፕል ይንቀሳቀሳል። ቲሹውን ፈሳሽ ውስጥ ብቻ አትተዉት፣ አጋሮዝ (እንደ ጄሊ የሚረጋ ነገር) ውስጥ አስቀምጡት፣ ከመድረሳችሁ በፊትም አየሩን በቫኪዩም አውጡለት፣ አንዲት አረፋ መሃል ላይ ከፍ ብትል ቲሹውን ገፋ ታደርገውና ምስሉ ድርብ ሆኖ ይወጣል። ባዶ ጨረሩንም (ሳምፕል ሳይኖር) በየመሃሉ ደጋግማችሁ አንሱ፣ ሌዘሩና ኤሌክትሮኑ የሚገናኙበት ቦታ ትንሽ ሲንሸራተት ብርሃኑ ከፍ ዝቅ ይላልና።